ለቅሶ ያስመሰልነው ድግስ

የጓደኛችንን መሸኛ እናቷ ግቢ እናድርገው አልን። እናትና ልጅን ጨምሮ ስምንት ሰው ምን አዳራሽ ያስፈልገዋል?

መስከረም ነው፤ አደይ አበባ ሞልቷል። በባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሰካካነው። ቄጠማ ጎዘጎዝን፤ የገና መብራቱን ዘይቱኑ ዛፍ ላይ ጠመጠምን። ከእድር የተዋስናቸውን ወንበሮች ደግሞ በረድፍ ደረደርናቸው (ዲኮር አዋቂ ነን ባዮች!)።

እናቷ ወጥተው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ለቅሶ አስመሰላችሁት እኮ» አሉን። ድምፃቸው ተሰበረ። ማናችንም አልሳቅንም።

ወንበሮቹን አንስተን ረከቦቱ ዙሪያ አጠጋጋናቸው፤ ጉልበት ከጉልበት እስኪነካካ። ግቢው ያኔ አማረ።

ከምሽቱ 12፡30 ሲል የአዲስ አበባ ብርድ መጣ። ለሱ አላሰብንለትም። ከሰል ተቀጣጠለ፤ ቤት ያሉትን ሦስት ጋቢዎች ለሁለት ለሁለት ለበስን። አራተኛው ሻንጣ ውስጥ ነበር። የተቆለፈውን ከፍታ አወጣችውና ከእናቷ ጋር ለበሱት።