ከሳሎን የወጣው ድራማ



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ተከታታይ ድራማ ነው። መጋቢ ስለ ድራማ ምን አገባው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አግብቶናል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት መድረክ ላይ ቆመን ስለዚሁ ጉዳይ አጥብቀን ሰብከናል። ያን ጊዜ የተናገርነውን ሁሉ አንሽርም፤ ያላየነው ነገር ግን ነበረ።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየረቡዑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚሰበሰብ የእናቶች ጸሎት ነበረን። ሰዓቱን የመረጡት እናቶቹ ራሳቸው ናቸው። ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ያለችው ክፍተት ያቺ ብቻ ናት። ጴጥሮስና ዮሐንስም ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ ሰዓቱ ዘጠኝ እንደ ነበር ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 እየጠቀሱ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓቱን መለወጥ እንኳ አያስፈልገንም እያሉ ይስቁ ነበር። አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ሃያ ይሆናሉ። ወንበር ስለማይበቃ ወጣቶቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየተቀዱ፣ ዲሽ ላለው ሁሉ ያለ ክፍያ ይመጡ ጀመር። ከዚያ በፊት ሕዝባችን ተከታታይ ድራማ አያውቅም ነበር ማለታችን አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ሙሉ በሬዲዮ ሲተላለፍ ጆሮውን ያልሰጠ ሰፈር ጥቂት ነበር። በኢቲቪም «ገመና»ን፣ በኋላም «ሰው ለሰው»ን አይተናል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን እንዳደረገ በእሁድ አምልኮ መውጫ ላይ ሲወራ ሰምተን ዝም ብለን አልፈናል። እነዚያ ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚመጡ እንግዶች ነበሩ። አዲሶቹ በየቀኑ መጡ፤ ማታ ያመለጠው ደግሞ በማግስቱ ይደገማል።

የረቡዑ ጸሎት ወደ ስምንት፣ ከዚያም ወደ አራት ሰው ወረደ። እኛም ከኤፌሶን 5 ተነስተን ዘመኑን ስለ መዋጀት ሰበክን። «ጥቁር ፍቅር»ን በስም ጠርተን ገሠጽን። ከዚያ እሁድ በኋላ ምእመናንን ለመጠየቅ በር ስናንኳኳ መጀመሪያ የምንሰማው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ድርግም ሲል ነበር። በሩ የሚከፈትልን ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን የአገራችን የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎችም የውጭ ድራማ እንጀራችንን ነጠቀን ብለው ቅሬታ አሰምተዋል። እኛ ስለ ነፍስ፣ እነርሱ ስለ እንጀራ ተናገርን። ለመሆኑ እነዚህ እናቶች ድራማውን የሚያዩት ከማን ጋር ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ነገሩን ያስተማሩን አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ናቸው። ባላቸውን በሞት ያጡ፣ አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ያለች፣ ወንዱ ልጅ ለሥራ ከከተማ የወጣባቸው ሴት ናቸው። በዚያ ደረጃ ላይ መጀመሪያ ዲሽ ያስተከሉት እርሳቸው ስለ ነበሩ ድራማው ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር፤ ከፎቅ በታች የሚኖሩት ሙስሊም ሴት፣ ማኅበር የሚጠጡት የኦርቶዶክስ እናት፣ ከጎን ቤት የምትሠራው ልጅ፣ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሦስት እህቶች። ቡና ይፈላል። በማስታወቂያ መሐል የማን ልጅ እንደ ታመመ፣ የማን የቤት ክፍያ እንደ ዘገየ ይወራል። ኮንዶሚኒየም ለኖራችሁበት ማስረዳት አያሻም፤ የጋራ ግቢና የጋራ ቧንቧ ከነበረበት መንደር ወጥተን ደረጃ ላይ አንገት ብቻ ደፍተን የምንተላለፍበት ኑሮ ውስጥ ገባን። የእኚህ እናት ሳሎን በዚያ ብሎክ የቀረው ግቢ ነበር። እኛ ግን ከውጭ ሆነን የሰማነው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ፤ በ2015 ሳፋሪኮም ገባ። ድራማዎቹም ወደ ዩቲዩብ ወጡ፣ በቴሌግራም ተቀባበሉ። በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውን «እረኛዬ»ን ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ ያዩት በስልካቸው ነው። አሁን ሰዓት መጠበቅ የለም፣ ጎረቤት ቤት መሄድም የለም። ከጎን ቤት የምትሠራው ልጅ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ታያለች።

ሌላውን ብቻ እንዳንናገር፣ በእኛም ቤት ሦስት ሰው ሦስት ስልክ ይዞ አንድ ሶፋ ላይ የሚቀመጥበት ማታ አለ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ የእሁዱን ስብከት ሳንጨርስ «አንድ ክፍል ብቻ» ብለን ጀመርን። ድሮ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ሰው ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ስልኩ ግን ሳንነካው ቀጣዩን ክፍል ራሱ ከፈተ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆነ። በማግስቱ የሰበክነው የቆየ ስብከት ነበር፤ ያስተዋለ ቢኖር ይቅር ይበለን።

ባለፈው ዓመት አሜሪካ የምትኖር፣ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትተዳደር አንዲት እህታችን ስለ ተመሳሳይ ነገር አጫወተችን። የምትረዳቸው አሮጊት «ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» የሚባለውን የቀን ድራማ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲከታተሉ ኖረዋል። ድራማው ከ1965 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲታይ ቆይቶ በመስከረም 2022 ፒኮክ ወደሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ተዛወረ። በቦታው ዜና ገባ። አሮጊቷ በሰዓቱ ቴሌቪዥኑን እየከፈቱ፣ ዜናውን እያዩ፣ «ዛሬም የለም?» ይሉ ነበር። እህታችን ታብሌት ላይ ከፍታ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች። ታሪኩ አይገባኝም ትላለች፤ እርሳቸው ግን የእያንዳንዱን ሰው ጋብቻና ፍቺ እየዘረዘሩ ያስረዷታል።

ይህን ከሰማን በኋላ የነገሩን ሥር ትንሽ አነበብን። አሜሪካኖች እነዚህን ድራማዎች «የሳሙና ድራማ» የሚሏቸው በሬዲዮ ዘመን ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ሳሙና አምራቾች ስለ ነበሩ ነው፤ ቤት የምትውለዋን ሴት ፈልገው ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1937 በሬዲዮ የተጀመረው «ጋይዲንግ ላይት» ነው፤ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ድረስ፣ በድምሩ 72 ዓመት ቆየ። ደራሲዋ አይርና ፊሊፕስ በወጣትነቷ ሞቶ የተወለደ ልጅ ደርሶባት፣ በሬዲዮ በሚሰሙ ስብከቶች የተጽናናች ሴት ነበረች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ታሪክ ያቆመችው በአንድ መጋቢ ዙሪያ ነው። መጋቢው ችግር የገጠመው ሰው ቤቱን እንዲያገኝ በመስኮቱ ላይ መብራት ያኖራል፤ የድራማው ስምም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በኋላ ላይ መጋቢው ከታሪኩ ወጣ፤ ድራማው ያለ እርሱ አሥርት ዓመታት ቀጠለ። ይህን ስናነብ ጥቂት ዝም ብለን ተቀመጥን።

ወደ አራተኛው ፎቅ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሄድን ቆይቶ ነበር። ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦቻችንን ዳር ዳር ድረስ ስንፈልግ፣ አጠገባችን ያሉትን ረሳን። እናታችን በሩን ከፈቱልን። ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኗል። ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሹን የሚያስተካክልላቸው ሰው ሳይገኝ እንደ ቀረ ነገሩን።

«መጋቢ፣ ያኔ ሲሰብኩብን ይህ ቤት ሰው ሞልቶት ነበር» አሉን። «አሁን ደስ ይበልዎት፣ ማንም አይመጣም።»

በምሬት አልተናገሩትም፤ ፈገግ ብለው ነው። እኛ ግን መልስ አጣን። ልጃቸው ስልክ ገዝቶላቸዋል። ችግሩ ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ማግኘት አለመቻላቸው ነው፤ ስልኩ ያመጣላቸውን ያያሉ። «ትናንት የቀበሩት ሰውዬ ዛሬ ተነስቶ ሲጣላ አየሁት። ትንሣኤ ነው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?» ብለው አሳቁን።

ልንጸልይላቸው ነበር የሄድነው። አብራን የነበረችው ወጣት እህት ግን ስልኩን ተቀብላ ክፍል 12ን ፈልጋ አገኘችና ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አቆመችው። ተቀምጠን አየን። ቅናት አለበት፣ ተንኮል አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ እናታችን ራሳቸው «ይህቺን አትዩ» ብለው እጃቸውን ስልኩ ላይ አደረጉ። በመሐሉ ስለ ልጃቸው ነገሩን። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ከደወለች አራት ወር አልፏታል። ይህን ለማን ነግረው ያውቃሉ ብለን ጠየቅናቸው። ለማንም።

አሁን የረቡዑ ጸሎት በእርሳቸው ቤት ሆኗል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ የጸሎት ቤት ውስጥ የቱርክ ድራማ መታየቱ ትክክል አይደለም ብለው ተቃውመዋል። ሐሳባቸውን አናቃልልም፤ የምናየውን መምረጥ እንዳለብን እኛም እናምናለን፣ በሚቀጥለው ስብሰባም እንነጋገርበታለን። ከሌሎቹ ፎቆች እናቶቹን መልሶ መጥራትም ቀላል አልሆነም፤ «በስልኬ አየዋለሁ» የሚለው መልስ ብዙ ነው። ከፎቅ በታች የሚኖሩትን ሙስሊም ጎረቤት ያመጧቸው እናታችን ራሳቸው ናቸው፤ ሄደው አንኳኩተው።

ባለፈው ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ሰባት ነበርን። ሁለቱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አይደሉም። ከጎን ቤት የምትሠራው ልጅም ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ ቡናውን ቆላች። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ እስካሁን አልደወለችም። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ እናታችን ክፍሉ ሳያልቅ ስልኩን አቁመው ማጀቱ በኩል ያሉትን ተጣሩና፣ «በሉ ኑ፣ ስለ ልጄ ጸልዩልኝ» አሉ።