ጀልባ የሚያከራይ ዩኒቨርሲቲ

ሲያትል ወንድም፣ አክስት ወይም የልጅነት ጓደኛ ያላቸው አንባቢዎቻችን ጥቂት አይደሉም። ለጥየቃ የሚሄድ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ከሳሎን ሳሎን ሲጋበዝ ሰንብቶ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሄዱ አንድ ቀን ለሐይቁ ይተዉለት።

ከአየር ማረፊያው የሚነሳው ቀላል ባቡር በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አጠገብ ያወርድዎታል። ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር፣ የዩኒቨርሲቲው የጀልባ ማከራያ አለ። የሚያከራየው ለተማሪ ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም ጎብኚ ታንኳ ወይም የመቅዘፊያ ጀልባ በሰዓት መከራየት ይችላል። መታወቂያ መያዝዎን አይርሱ። ነፋስ ከበረታ ኪራይ ሊቆም ስለሚችል፣ ከቤት ሳይወጡ ደውሎ መጠየቅ ይበጃል።

በአቅራቢያው በ1918 ለባሕር ኃይል አውሮፕላኖች የተሠራ ትልቅ የእንጨት ሃንጋር ይታያል። በኋላ የዩኒቨርሲቲው ቀዛፊዎች ቤት ሆነ፤ በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙት ወጣቶችም ከዚሁ የወጡ ናቸው። ልጆች ይህን ሰምተው መቅዘፊያ ሲጨብጡ ጉልበታቸው ይጨምራል።

ከማዶ ያለው የዕፅዋት መናፈሻ ዳርቻ ለጀማሪ ይመቻል። በ1916 ቦይ ተቆፍሮ የሐይቁ ውሃ ወደ 2.7 ሜትር ገደማ ሲወርድ ብቅ ያለ ረግረግ ስላለ፣ ታንኳው በነጭ የውሃ አበቦች መካከል ቀስ ብሎ ያልፋል። ግንድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎችና ባለ ረጅም እግር ወፎች ያያሉ። የሞተር ጀልባ ከሚበዛበት ከቦዩ ግን ይራቁ።

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ጀልባ ስንከራይ ባለጀልባው አብሮ ይመጣል። እዚህ ቀዛፊው እርስዎ ነዎት። አባት በቀኝ፣ ልጅ በግራ እኩል ካልቀዘፉ ታንኳው ባለበት ይዞራል። ቤት ውስጥ የማይደማመጡ ሰዎች በአሥር ደቂቃ ውስጥ መደማመጥ ይጀምራሉ።

ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ስላደግን ፍርሃቱ ተገቢ ነው። የሐይቁ ውሃ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በግዛቲቱ ሕግ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በእንዲህ ያለ ትንሽ ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለባቸው። አዋቂውም ይልበስ፤ ልጅ የሚያየው እናቱን ነው። ታንኳ ላይ ማንም አይቁም። ውሃ የሚፈራ ሰው ካለም አይገደድ፤ አያት ከምሳው ጋር ሣሩ ላይ ቢቀመጡ ሽርሽሩ አይጎድልም። ሳንቡሳ፣ ዳቦና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ ይበቃል። ስልክዎን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይክተቱት።

በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የካምፕ ምድጃ ይከራያል፤ አንዳንዱ ለተማሪና ለአባላት ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የሚማር የዘመድ ልጅ ካለ ይጠይቁት። በዓመት አንዴ ለሚፈለግ ዕቃ ገንዘብ ከማፍሰስና ዕቃ ቤት ከማጣበብ መከራየት ይሻላል። በእኛም አገር ሐይቅ ዳር የተሠሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አንዱ ጥቂት ታንኳና የሕይወት አድን ጃኬት ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ ለቤተሰብ ቢያከራይ፣ ልጆቻችን ሐይቁን ከዳር ከማየት አልፈው ሊቀዝፉበት ይችሉ ነበር።