«በጣም ጥሩ ነው» የሚለው መልስ

ሃያ ስድስት ወረቀት በትነን ሃያ ስድስቱንም ሰበሰብን። በሃያ አራቱ ላይ «በጣም ጥሩ ነው፤ ቢቀጥል» የሚል ተጽፎበታል፤ በአንዱ ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል፤ አንደኛው ባዶ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቶቹን እየተቀባበልን ስናነብ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ያ ደስታ ምን ያህል የዋህነት እንደ ነበረ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሪዎች መንገር ይገባናል ብለን ስላመንን ይህን ጽፈናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሦስት ተማሪዎች ሆነን፥ ሁለታችን ከኮምፒዩተር ክፍል አንዳችን ከሒሳብ፥ የ8ኛ ክፍል ልጆች ለክልላዊ ፈተና የሚለማመዱበት የሒሳብ አፕ ሠራን። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። በልመና ባገኘናቸው ዐሥራ ሁለት ታብሌቶች ላይ ጫንነውና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በበቆሎና በበርበሬ ማሳ ወደ ተከበበ አንድ ትምህርት ቤት ወሰድነው። ስሙን አንጠራውም። ማንኩሳን ስናልፍ አንዱ ጓደኛችን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ አንሥቶ «እርሱም አስተማሪ ነበር፤ መጨረሻው ግን አላማረም» ብሎ አስቆናል።

መምህራኑ እንደ እንግዳ ተቀበሉን። ጎጃም ውስጥ እንግዳ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠላው ተቀዳ፥ ቆሎው ቀረበ፥ «በሞቴ» እየተባልን ጎረስን። ሁለት ቀን ሰንብተን ልንሄድ ስንል ነው እንግዲህ ከቦርሳችን ወረቀት አውጥተን፥ በራሱ ላይ «የግምገማ ቅጽ» ብለን በደማቁ ያተምንበትን፥ ለሁሉም ያደልነው። አንባቢ ሆይ፥ በእጁ ያጎረሰህን ሰው «ሥራዬ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» ብለህ ብትጠይቀው በገዛ ቤቱ ያሳፍርሃልን?

ከሁለት ወር በኋላ ሳንጠራ ተመለስን። ክፍሉ ውስጥ አርባ ስምንት ልጆች አሉ። መምህሩ፥ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ናቸው፥ አንድ ታብሌት ብቻ በእጃቸው ይዘው ጥያቄውን ጮክ ብለው እያነበቡ በሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ልጆቹም በደብተራቸው ይሠራሉ። የቀሩት ዐሥራ አንዱ ታብሌቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እኛን ሲያዩ እኚያ ደግ ሰው ደነገጡ፤ እኛም ደነገጥን።

ምክንያቱ ሁለት ነበረ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሠላሳ ሴኮንድ መድበን ነበር፤ አንድ ልጅ አንድ ታብሌት ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ መስሎን ነው። አራት ልጆች በአንድ ታብሌት ዙሪያ ሆነው ጥያቄውን እስኪያነቡና እስኪከራከሩ ግን ሠላሳው ሴኮንድ ያልቃል፤ ማሽኑም ቀይ አብርቶ «ተሳስታችኋል» ይላል። ከሁሉ የሚያሳፍረን ይህ ነው፦ አፑ ውጤት ይመዘግብ ስለ ነበረ፥ በመጀመሪያው ጉዟችን በሁለት ቀን የተመዘገበውን ይዘን «የገጠር ተማሪዎች በሒሳብ ደካማ ናቸው» የሚል ሪፖርት በክፍላችን አቅርበን ተጨብጭቦልናል። ልጆቹ ግን ትክክለኛውን መልስ ይዘው ሲከራከሩ ነበር ሰዓቱ ያለቀባቸው።

ሁለተኛው ሊፍቱ ነው። ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለማስረዳት ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ሊፍት ሥለን ነበር። ሊፍት አይቶ የማያውቅ ልጅ ቁጥሩን ከመማሩ በፊት ሊፍትን መማር ሊኖርበት ነው። መምህሩ ሊፍቱን ትተው «አባትህ ከጎረቤት አምስት ቁና ጤፍ ተበደረ፤ ሁለቱን መለሰ፤ ምን ቀረ?» ሲሉ ልጁ ሳያመነታ «ሦስት ዕዳ» አለ። እኛ ይህን ምሳሌ በስንት ሌሊት ልናገኘው እንችል ነበር?

«ታዲያ ጋሼ፥ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ልጆቼ፥» አሉን፥ «ግምገማ ብላችሁ ጻፋችሁበት። እኔ በግምገማ ስንት ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ።»

ይህን አላሰብነውም ነበር። ለእኛ ቃሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ ቃል ነው፤ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ግምገማ ማለት ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ባልደረባ ባልደረባውን እያስነሣ የሚወቅስበት ስብሰባ ነው። ወረቀቱን ርእሰ መምህሩ ሰብስቦ እንደሚያነበው፥ ከዚያም ወረዳ እንደሚደርስ ሁሉም ጠርጥሯል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥንም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

ሌላም ምክንያት ነበራቸው። እኚህ መምህር ቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፥ ሁላችንም «ፕላዝማ» በምንለው፥ መሰጠት ሲጀምር እዚያ ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኛውም ደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ የመጣ ነው። ከክፍለ ጊዜው የሚበልጠውን ቴሌቪዥኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የሚቀረው መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥርጭቱ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለሚተላለፍ ማቆም የለ፥ መመለስ የለ። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አልፏል፤ ልጁ ካልገባው አልፏል። ጥቅም አልነበረውም አንልም፤ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ያየው በዚያ መስኮት ነው።

መምህሩ በዚያን ጊዜ ደብተር ገዝተው በየቀኑ ይጽፉ ነበር፤ በስንተኛው ደቂቃ ልጆቹ ብዕራቸውን እንዳስቀመጡ፥ የቱ ቃል እንዳደናገራቸው፥ የቱ ሥዕል ደግሞ «አሃ!» እንዳሰኛቸው። ሁለት ዓመት ጻፉ። የሚልኩበት አድራሻ ግን አልነበራቸውም። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመጣው ተቆጣጣሪ የሚጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ቴሌቪዥኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ይሠራል። ተቆጣጣሪውም ይሠራል ብሎ ይጽፋል።

ይህ በፕላዝማ አልጀመረም። ትምህርትን በሬዲዮና በቴሌቪዥን መስጠት በአገራችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ታድለው፥ መምህራን ልጆቹን ያዘናጋሉ እያሉ በክፍል ውስጥ ያዘጓቸው ነበር። ማዘጋቱ ራሱ አስተያየት ነበር፤ የሰማው ግን የለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይወጡ የነበሩት የቀድሞ ተማሪዎች ቢያንስ መጽሐፉ የቱ ላይ እንደማይሆን ራሳቸው እያስተማሩ ያዩት ነበር። እኛ በሁለት ቀን ጉዞና በአንድ ገጽ ቅጽ ያንን ለማግኘት ፈለግን።

ዋሸራን በመሰለ ቅኔ ቤት በሚታወቅ አገር ይህ መሆኑ ደግሞ ይገርማል። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይነግራል፤ እርሳቸውም ቃሉ ከአፉ ሳይደርቅ ያርሙታል። መምህሩ ደፋር ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ሊታረም እንደ መጣ ሁለቱም ያውቃሉ። እኛ ግን በቅጻችን ምስጋና ፍለጋ መሄዳችንን መምህራኑ ከእኛ ቀድመው አውቀውታል።

ቅጹን ቀደድነውና በዚያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅን፦ «አፑን ይዛችሁ ስታስተምሩ ምን ለወጣችሁ?» ጥሩ ነው ወይ ስንለው ዝም ያለው ሰው ሁሉ ምን ለወጥህ ስንለው እስኪመሽ አወራ። የሳይንስ መምህርቷ፥ የሒሳብ አስተማሪ እንኳ ሳትሆን፥ ጥያቄዎቹን ቆራርጣ ልጆች በግንብ ላይ በከሰል እንዲጽፏቸው ታደርግ እንደ ነበር ነገረችን። እኚያ ሽማግሌ ዐሥራ አንድ ገጽ ማስታወሻ ሰጡን፤ እኛም እስከ ግንቦት አርመን እንመለሳለን አልናቸው።

አልተመለስንም። ሊፍቱን አወጣነው፤ ቁናውን አስገባነው። ሰዓቱን የጻፈው ጓደኛችን ግን ተመርቆ ሄደ፤ የቀረነው ሁለታችን የርሱን ጽሑፍ ለመፍታት ሰነፍን። «አልደረሰልንም» ብለን ለመደወል ደግሞ አፈርን። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጦርነቱን ምክንያት ማድረግ ይቀልለን ነበር፤ ነገር ግን ከተስፋችን እስከ ጦርነቱ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ነበረን።

ሰዓቱን ያነሣነው በቅርቡ ነው። ስልክ ደወልን፤ የመምህሩ ቁጥር ሠራ። ያ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደ ቡሬ ከተማ ተዛውረዋል። ሰላምታውን ስናረዝም አቋረጡንና «ሰዓቱንስ አነሣችሁት?» አሉ። አነሣነው አልን፤ ስለ መዘግየታችንም ይቅርታ ጠየቅን። ዝም አሉ። ከዚያ የወረቀት መገለጥ ድምፅ ሰማን።

«እንግዲያው ጻፉ፤» አሉን። «ያ የቁናው ምሳሌ አይሆንም። እዚህ የከተማ ልጆች ቁና ምንድን ነው አሉኝ። ኪሎ በሉት።»