ፍላጻው ለምን ጠመመ?

ዛሬ ክረምት ላይ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

ከቡኢ ብዙ ሳይርቅ፣ በጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ጎራዴ ተቀርጾ ይታያል። የእኔ ወሬ ግን ስለ ቀስት ነው። ክረምቱን አያቴ ቤት ነበርኩ። ከእንሰቱ ጓሮ ቆቅ ሲጮህ እሰማና "ቆይ፣ አንድ ቀን አድንሃለሁ!" እያልኩ እፎክር ነበር። ከወይራ ቅርንጫፍ ደጋን ሠራሁ፤ ከእንሰት ቃጫ ገመድ ፈተልኩ፤ ከሸምበቆ ፍላጻ ቆረጥኩ።

የመጀመሪያውን ስለቀው ምን ልበላችሁ! እንደ እባብ እየተጥመለመለ ሄዶ ወደ ጎን ታጠፈና፣ ውሃ ይዛ በምትመጣው ታናሽ እህቴ ጆሮ አጠገብ አልፎ የጭቃው ግድግዳ ላይ ተሰካ። እህቴ ጀሪካኑን ጥላ ጮኸች። እኔ ደግሞ "ፍላጻው እኮ ነው የጠመመው!" አልኩ። አያቴ ቀስቱን ተቀበሉኝና "ፍላጻው ብቻውን ሄደ እንዴ?" አሉኝ። አፈርኩ። እህቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን አያቴ ቀስቱን በሁለት ውል መለሱልኝ። አንደኛ፣ ከጭድ ክምሩ በቀር ወደ ምንም እንዳልወረውር። ሁለተኛ፣ ከፊቴና ከክምሩ ጀርባ ሰው እንደሌለ ሳላይ ገመዱን እንዳልስብ።

ክምሩ ፊት ለፊት የደብተር ወረቀት በገመድ አንጠልጥዬ ወረወርኩ። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ቢሄድ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነበር የሚተወው። የእኔ ግን ወደ ላይ ረዝሞ ተቀደደ። ለካ ፍላጻው ጭራውን ሽቅብ አንስቶ ነው የሚበረው! ገመዱ ላይ ፍላጻው የሚቀመጥበትን ቦታ ትንሽ ዝቅ አደረግኩና ሁልጊዜ እዚያው እንዲያርፍ ቀይ ክር አሰርኩበት። ቅዱ አጠረ።

ቀጥሎ አያቴ ጭራው ላይ ሦስት የዶሮ ላባ እንዳስር አሳዩኝ። "ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ ይሁኑ፤ የግራና የቀኙ ላባ አጣጣፉ ይለያያል" አሉኝ። ላባው አየሩን እየያዘ ጭራውን ወደ ኋላ ስለሚጎትት ፍላጻው አይወዛወዝም። ጫፉ ላይ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ጠመጠምኩ፤ ፊቱ ከበድ ያለ ፍላጻ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በጣም ቀጭኑን ሸምበቆ ጥዬ ወፈር ያለ መረጥኩ፤ ቀጭኑ ገመዱ ሲገፋው ይለምጣል። ሁሉንም በአንዴ አልቀየርኩም። አንዱን አስተካክዬ ወረቀቱን አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። አለበለዚያ የቱ እንደረዳኝ በምን አውቃለሁ?

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ቀዳዳው ክብ ሆነ። እህቴም ታረቀችኝ፤ ከኋላዬ ቆማ ትቆጥርልኛለች። ከ10 ፍላጻ 7ቱ ወረቀቱን መታ።

"አያቴ፣ አሁንስ ቆቁን ላድን?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሦስቱስ የት ሄዱ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንዱ እኮ በእህቴ ጆሮ አጠገብ የሄደው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቆቁ እስከ ዛሬ እንሰቱ ውስጥ ይጮሃል። እኔም እስከ ዛሬ ወረቀት ነው የምመታው።