ከዶሮ ማነቂያ እስከ አራብሳ

ብዙ ዓመት ውጭ ኖሮ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በአድራሻ ነው። ለታክሲው ሹፌር የሚጠራለት ምልክት ሁሉ የለም። ፒያሳ ወርጄ «ዶሮ ማነቂያ በየት በኩል ነው?» ያልኩት ጎረምሳ አየት አድርጎኝ «ፈርሷል እኮ ጋሼ» አለኝና አለፈ። የካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን እንዳነሣው በስልክ ሰምቻለሁ። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አበባና መብራት ሆኗል። ያምራል። ያምራል ማለት ግን ያደግሁበትን ቤት መካድ መስሎኝ ግማሽ ቀን አፌን ይዤ ዋልኩ።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅ የለባትም። የድሮውን ቤት እያነሣሁ ስተክዝ ሳቀችብኝ። «አንተ ልጅ፣ ክረምት ሲገባ ባልዲ የምንደረድረው የት የት እንደነበር ጠፋህ? መጸዳጃውንስ ከስንት ቤተሰብ ጋር ነበር የምንጋራው?» አለችኝ። ቤቱ የቀበሌ ነበር፤ ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ጠጋኝ የሌለው። እኔ በ1991 ትቼው ሄጄ ቨርጂኒያ ሆኜ የናፈቅሁት ይህን ቤት ነው፤ እሷ በየክረምቱ የታገለችውም ይህንኑ።

አሁን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከፒያሳ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው፤ ደረጃው ለጉልበቷ አልተስማማም፤ ቡና የሚጠራሯት ጎረቤቶቿ አንዷ ገላን፣ ሌላዋ የት እንደገባች እንኳ አልታወቀም። ስትነሣ አልቅሳለች፤ አልደበቀችኝም። «አለቀስኩ፣ ከዚያ መጋረጃ ልገዛ ሄድኩ» ነው ያለችኝ።

መጋረጃ ገዝታ ግን አልተቀመጠችም። ሰፈሩ ሲበተን እድሩም ሊበተን ነበር። አንዳንድ አባላት ተቀማጩን ገንዘብ ተካፍለን፣ ድንኳኑንና ድስቱን ሸጠን እንለያይ አሉ። ምክንያታቸው ውሃ የሚያነሣ ነው፦ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ተበትኖ እንዴት ለቅሶ ይደረሳል? እትዬና ጥቂት ሴቶች እምቢ አሉ። የገረመኝ እምቢታቸው አይደለም፤ እድሩን ለማቆየት ስንቱን ነገር እንደለወጡት ነው። ሌሊት በየበሩ የሚዞረው ጥሩምባ ነፊ ቀርቷል፤ መርዶው በቴሌግራም ይነገራል። ወርሃዊው መዋጮ በቴሌብር ይገባል። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ መዋል በአንድ ቀን ተተክቷል፤ ምግቡንም በየአካባቢው የተመደቡ አባላት በተራ ያዘጋጃሉ። እንግዳው የሚቆየው በኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ነው፤ ሲሠራም ለእርድና ለድግስ እንዲሆን ታስቦ ነበርና ለአንዴ እንኳ ነገሩ ለታሰበለት ዋለ። ያልተነካ አንድ ደንብ አለ፦ ቀብር ላይ በአካል መገኘት። የቀረ ይቀጣል፤ ራቅሁ ማለት ምክንያት አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስሰማ እትዬን የመጣውን የምትቀበል፣ ትዕግሥተኛ ሴት አድርጌ ሥዬያት ነበር። በማግስቱ ውሃ ጠፋ። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ጎረቤቶቿ «ምን ይደረግ፣ አገሩ ነው» እያሉ በጀሪካን ይቀዳሉ። እሷ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ በር ለበር ለፓምፕና ለሮቶ መዋጮ ስትሰበስብ ነበር የደረስኩት። አንድ አዛውንት «እመቤት፣ መታገሥ ነው» ቢሏት «አባባ፣ ሰፈሬን ሲያፈርሱ ታግሻለሁ፤ ለባልዲ አልታገሥም» አለቻቸውና ስማቸውን ጻፈች። ከፈሉ።

ከውጭ የምንመጣ ሰዎች የሚታገሡትንና የማይታገሡትን መለየት ያቅተናል። ከቢጫ ካርዳችን ጋር ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይዘን እንገባለን፤ አንዱ «ለምን ተለወጠ?»፣ ሌላው «ለምን አይለወጥም?» የሚል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ምሳ ላይ ይወጣሉ። የቀጠሮ ሰዓት አለመከበሩ ያናድደናል፣ የሰፈሩ መፍረስም ያናድደናል። ስሄድ ስምንት ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ መቶ ብር አልፏልና ለእኛ ሁሉም ርካሽ ነው፤ ምክራችንንም እንደ ዶላራችን የምንመነዝረው ይመስለኛል። ለእትዬ ግን ያው ምንዛሬ የዘይት ዋጋ ነው። ለፓምፑ ብቻዬን ልክፈል ብላት አልፈቀደችም። «አንተ ከከፈልከው ሲበላሽ ማን ያሠራዋል?»

ስለ እኔም ጠየቀችኝ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የምኖርበት አፓርታማ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል እንኳ አልሰቀልኩም፤ ነገ እመለሳለሁ እያልኩ ለዚህ ሁሉ ዓመት ሻንጣ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ኖሬያለሁ። እዚያም የሐበሻ እድር አለ። ወዳጆቼ ግባ እያሉ ሲወተውቱኝ የሸሸሁት መመዝገብ እዚያ እሞታለሁ ብሎ መፈረም መስሎኝ ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። «እና እስከዚያ የማን ለቅሶ ደርሰህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ቨርጂኒያ ተመልሼ የእድሩን ቅጽ ሞላሁ። አስከሬኑ የት ይቀበር የሚለውን መስመር ጸሐፊው ለጊዜው ባዶ መተው እንደሚቻል ነግሮኝ ተውኩት። ደውዬ ስነግራት ትመርቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«መክፈሉ ጥሩ» አለች። «ስብሰባው መቼ መቼ ነው?»

«እሑድ እሑድ። እኔ ግን እሑድ ሥራ እገባለሁ።»

«እንግዲያ ፈረቃህን አስቀይር።»