የጊደሯ ጥፋት

ባለቤቴን ያጨሁበት ቀለበት ፈርጡ አልማዝ አለመሆኑን ያወቅኩት በተጋባን በዘጠኝ ዓመታችን ነው። እንዲያጸዳልኝ የወሰድኩለት አንጥረኛ በአጉሊ መነጽሩ አየውና «ዚርኮኒያ ነው» አለኝ፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሻጩን ልረግም አፌን ከፈትኩ፤ የከፈልኩት ዋጋ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

ያን ሌሊት የዚህን አስመሳይ ዘር ማንዘር ስቆጥር አመሸሁ። ዚርኮኒያ፣ ዚርኮኒየም የተባለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነው። ብረቱ ራሱ ደግሞ በኒውክሌር ማብላያ እምብርት ውስጥ ዩራኒየሙን አቅፎ የሚይዘው ቱቦ ይሠራበታል።

ለዚህ ሥራ ሲታጭ ግን ስሙ ክፉ ነበር። ቱቦው ሙቀት መቻል፣ በጋለ ውሃ አለመበላት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኒውትሮን አለመብላት አለበት፤ ኒውትሮኑ ከተበላ እሳቱ ይጠፋል። ዚርኮኒየም ሲለካ ሆዳም ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ኸርበርት ፖሜራንስ ሌባውን ያዘው፦ ሃፍኒየም። ከማዕድኑ ጀምሮ የማይለየው መንታው ነው፤ መጠኑ ሁለት በመቶ ገደማ፣ ኒውትሮን መዋጥ ላይ ግን ከ500 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባላል። እዚህ ጊደሯ ምንም አልተማረችም፤ የሸተተችው አህያዋ ነበረች።

ሌባው ከታወቀ በኋላ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንኑ ሃይማን ሪኮቨር ከሃፍኒየም የተለየውን ዚርኮኒየም ለኖቲለስ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ማብላያ መረጠው። ሃፍኒየምም ሥራ አላጣም፤ ሆዳምነቱ ሙያ ሆኖለት፣ እሳቱን የሚያበርድ መቆጣጠሪያ ዘንግ ሆኖ እዚያው ተቀጠረ።

ዚርኮኒየምም ቢሆን ንዴት አያጣውም። ውሃው ጎድሎበት ሙቀቱ 1200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከእንፋሎቱ ኦክስጅን ይነጥቅና ሃይድሮጅኑን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ ሕንፃዎቹን ያፈነዳው ያ ሃይድሮጅን ነው። ከቃጠሎው የሚቀረው አመድ ምን ይመስላችኋል? ዚርኮኒያ። የሚስቴ ፈርጥ።

ጠዋት ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ እዚህ ውስጥ ያ ሌባ አለ?» አለች ፈርጡን እያየች።

«ሳይኖር አይቀርም። ለጌጥ ብሎ ማን ለይቷቸው?»

ቀለበቱን መልሳ አጠለቀችው። «እንግዲያው አብረው ይኑሩ። ለመሆኑ ከሁለታችን አህያዋ ማን ናት?»

ዝም አልኩ። ዋጋውን ከምትጠይቀኝ ይሻላል።