የዓሳ ገንዳ ላላችሁ ወላጆች፦ ልጆች ከሐይቅ ዳር ስለሚያመጡት ቀንድ አውጣ



ሰሞኑን አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ከጫሞ ዳር ቀንድ አውጣና የውሃ ሳር አምጥቶ ከዓሶቹ ጋር ጨመረው። መስታወቱን ያጸዳልኛል ይላል። ችግር አለው ወይ?» አዎ፣ ሊኖረው ይችላል። ጥያቄው የሌሎቻችሁም ሊሆን ስለሚችል መልሱን እዚህ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ቤት ውስጥ ዓሳ ማሳደግን አልቃወምም። ልጅ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ ሲሰጥ፣ በየሳምንቱ ውሃ ሲቀይር ኃላፊነት ይማራል፤ ዓይኑም ከስልክ ያርፋል። የሚያሳስበኝ ዓሳው ሳይሆን ከሐይቅና ከወንዝ አብሮት የሚገባው ነው።

አርባ ምንጭ ላይ አባያና ጫሞ ከፊታችን፣ ኩልፎ ወንዝ ከአጠገባችን ነው። ለልጅ ቀንድ አውጣ ማግኘት ቀላል ነው። በአካባቢያችን ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ነው፤ ትንሽ፣ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ቅርፊት ያለው።

መንገዱ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ እጮች በቀን ብርሃን ወደ ውሃው ይወጣሉ። እጁን ወይም እግሩን የነከረ ሰው ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን ሰርስረው ይገባሉ። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ መንካት ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እጩ ውሃ ውስጥ የሚቆየው ቢበዛ 2 ቀን ገደማ ነው። የተበከለው ቀንድ አውጣ ግን ለሳምንታት በየቀኑ አዲስ እጭ ይለቃል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ገንዳው ውስጥ እስካለ ድረስ ውሃ መቀየር ብቻውን አይጠቅምም። እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ የተበከለ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በማየት መለየት አይቻልም።

ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ልጆች እጃቸውን እንዳይነክሩ ከልክሉ።
2. ረጅም የላስቲክ ጓንት አድርጋችሁ ዓሶቹን በመረብ ወደ ንጹህ ውሃ አዛውሩ።
3. ቀንድ አውጣውን፣ ሳሩንና ጠጠሩን ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ግቢ ውስጥ መጣል ብቻ አይበቃም፤ ቅርፊቱ ውስጥ ተደብቆ ያለ ውሃ ለሳምንታት መቆየት ይችላል።
4. የገንዳውን ውሃ ደረቅ አፈር ላይ ድፉ፤ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አትልቀቁት።
5. ገንዳውን በቧንቧ ውሃ ሙሉ። ክሎሪን ዓሳ ስለሚጎዳ ውሃው ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ይደር።

ልጁ ነክቶ ከነበረስ? አትደንግጡ፤ ግን ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊታይ ይችላል። ምንም ምልክት የማያሳይም አለ። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። በሽታው በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ ነገር ግን ከነካ ከ6 ሳምንት በፊት ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፤ በግምት ከፋርማሲ አትግዙ። በትምህርት ቤት ወስዶ ከነበረም ዳግም እንዳይያዝ አይከላከልለትም።

ቀንድ አውጣ ባይኖርም የዓሳ ገንዳ የራሱ ጥንቃቄ አለው።

• በጎማ ውሃ ስታወርዱ በአፍ አትሳቡ።
• እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት አትንከሩ። ከሳንባ ነቀርሳ ጀርም ጋር የሚዛመድ፣ በዓሳ ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። ከሳምንታት በኋላ ጣት ወይም እጅ ላይ የማይድን እብጠት ያወጣል። በተለመደው መድኃኒት ስለማይድን ሐኪሙን «ቤቴ የዓሳ ገንዳ አለ» ማለትን አትርሱ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የወራት መንከራተት ታስቀራለች።
• ከነካካችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ፤ ዕቃውንም የምግብ ሰሃን በሚታጠብበት ቦታ አትጠቡ።
• ፓምፑን ከሶኬት ሳትነቅሉ እጅ አታስገቡ። ገንዳው ክዳን ይኑረው፤ ሕፃን በጥቂት ውሃም ሊሰምጥ ይችላል።

ውጭ አገር ያላችሁ ተከታታዮቼ ደግሞ የኮራል ገንዳ የምታሳድጉ አላችሁ። ኮራል ተክል ወይም ድንጋይ ሳይሆን እንስሳ ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በእኛ ሐይቅ ውሃ አይሞከርም። ፕሌት ኮራል የሚባለው እንደ ሳህን ጠፍጣፋው፣ አሸዋ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ ከድንጋይ ጋር እንዳይፋተግ በጓንት፣ በእርጋታ ይነሳ። እዚህ ላይ ግን ከላይ የሰጠሁት ምክር ይገለበጣል፦ ከኮራል ገንዳ የወጣን ድንጋይ በፍጹም አታፍሉ፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱበት። ድንጋዩ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ እንደ ቁልፍ የሚመስሉ ፍጥረታት ካሉ፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤተሰብን በሙሉ ሆስፒታል ያስገባባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ድንጋይ ካጸዳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ከቤት ውጡ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ምን ስትነኩ እንደነበርም ተናገሩ።

እዚህ አርባ ምንጭ ላለን ትልቁ ስጋት ገንዳው እንዳልሆነ ግን አልደብቃችሁም። ልጆቻችን በብዛት የሚያዙት ሲዋኙ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ነው። ለልጃችሁ ስለ ገንዳው ስታስረዱት ስለ ኩልፎም አስረዱት። ከመስታወት ጀርባ ያየውን ቀንድ አውጣ ወንዝ ዳር ሲያገኘው ያስታውሰዋል።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ።